የፍላጻዋ ክርክር

የሙዚየሙ ምርቃት ነገ ነው። ሁለቱ ዶክተሮች ግን በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ ጥጥ ላይ ለተጋደመችው ቀጭን እንጨት ስም ማውጣት አቅቷቸው ከጠዋት ጀምሮ ይነታረካሉ።

«ፍላጻ ናት!» አለ ዶክተር ምንተስኖት። «ጫፏ ላይ ያለውን ስንጥቅ እየው፤ የደጋኑ ጅማት የሚገባው እዚያ ነው።»

«ፍላጻ እንዲህ አያጥርም» አለ ዶክተር አያልነህ። «ይቺ ደጋን የማትፈልግ፣ በእጅ የምትወረወር ዳርት ናት። የጣት ወዙ ራሱ አለባት።»

«አንተ ዳርት የምታውቀው ከመጠጥ ቤት ነው!»

«አንተስ በፍላጻ ምን ገድለህ ታውቃለህ?»

ወለሉን የሚወለውሉት እትዬ ወርቅያንሱ መወልወያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጠጋ አሉ። «እስቲ ልያት፣ ልጆቼ» ብለው እንጨቷን አነሱ። ቀጥሎ ካለው ሣጥን ደግሞ «የንጉሥ ካባ ቁልፍ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን፣ መሀሉ የተበሳ ክብ ቀንድ አውጥተው ሰኩባት። ከጥጡ ቆንጠር አድርገው ጫፏ ላይ አያያዙና ጭናቸው ላይ አሽከርክረው ለቀቋት።

እንዝርቷ እየሾረች ወረደች፤ ክሩም አብሯት ረዘመ።



«ደህና ትፈትላለች» አሉ እትዬ ወርቅያንሱ። «በሉ ያንን ዘውድ ያላችሁትንም አምጡልኝ።»