ቀድሞ የመጣ ድንኳን

ትርንጎ ለታመሙት አባቷ አጥሚት እያማሰለች ሳለ ከግቢው በር የብረት ኳኳታ ሰማች። ብቅ ብላ ብታይ የእድሩ ሰዎች የድንኳን ቋሚ እያወረዱ ነው።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች ማማሰያውን እንደያዘች።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ማንደፍሮ አንገታቸውን ደፉ። «ከሆስፒታሉ መልእክት ደረሰን፣ ልጄ። የሚሞተውንና የሚድነውን የሚለየው ማሽናቸው አባትሽ ነገን አያዩም ብሏል። ዕድሜው አለ፣ ስኳሩ አለ፣ ደም ግፊቱ አለ፤ በዚህ ላይ ወረርሽኙ ሳንባቸው ገብቷል። ደንቡ ቀድማችሁ ተዘጋጁ ይላል። ማሽኑ ደግሞ ተሳስቶ አያውቅም።»

«እንዴት ብሎ ይሳሳታል!» ጮኸችባቸው። «ይሞታል ያለውን ሁሉ ኦክስጅን ከልክሎ ወደ ቤቱ ይመልሳል! ትናንት አባቴን ከበር መለሰብኝ። እኔስ ሰው አንቄ ይሞታል ብል እሳሳታለሁ?»

ነጠላቸውን ለለቅሶ የዘቀዘቁ ጎረቤቶችም ተከታትለው ገቡ። ከውስጥ ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎም የአባቷ የተቆራረጠ ድምፅ።

«ትርንጎ... እንግዳ መጣ እንዴ? ወንበር ስጫቸው እንጂ!»

ወንበሩንማ ራሳቸው ይዘው መጥተዋል።

ትርንጎ ማማሰያውን ወርውራ፣ ከእድሩ ዕቃ መሀል ቃሬዛውን ጎትታ አወጣችና ጋሽ ማንደፍሮ እግር ሥር ጣለችው።

«ልትሸከሟቸው አይደል የመጣችሁት? በሉ፣ ነፍሳቸው ሳትወጣ ተሸከሟቸው! ሆስፒታል ድረስ!»

ጋሽ ማንደፍሮ የዘቀዘቁትን ነጠላ አቃንተው የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዙ።

«ድንኳኑንም ጫኑት» አለች ትርንጎ። «ካልከፈቱልን እዚያው በራቸው ላይ እንተክለዋለን።»