የሠላሳ ዓመቱ ቤዝ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቤዝ ጊታር መድረክ አንቀጥቅጫለሁ። አንዴማ የአዳራሹ ጣሪያ ብድግ ብሎ ተመልሷል። ለሰፈሩ ሁሉ እንዲህ እያልኩ ነው የኖርኩት። ለእናንተ ግን አልዋሽም፤ ተጫዋቹ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ከቀበርነው ሰባት ዓመት ሆነው። እኔ ክር መወጠር እንኳ አላውቅም።

ሰሞኑን አማቾቼ "እስቲ ጊታሩን አሳየን" ብለው ሙጭጭ አሉብኝ። መሳቂያ ከምሆን ብዬ አንድ ጊታር ሠሪ ጋ ሄድኩና፣ አዲስ ቤዝ ሠርቶ የሠላሳ ዓመት እንዲያስመስልልኝ አዘዝኩት።

"ሲጫወቱ ሳላይ አላስረጅም፣ ጋሼ" አለኝ። "ቫርኒሹን የምፍቀው እጅዎ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው።"

ብልጥ አይደለሁ? ደህናውን ጣቴን በፋሻ ጠቅልዬ ነበር የሄድኩት። "ቆስያለሁ፤ ሲሻለኝ እመጣለሁ" ብዬው ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ።

ዛሬ ጠዋት "አልቋል" ብሎ ደወለልኝ። ስደርስ ቤዙ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ክንድ የሚያርፍበት ጠርዝ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል። ክሮቹ ለግራኝ ተገልብጠው ተወጥረዋል።

ወንድሜ ግራኝ ነበር።

"ማንን አይተህ ነው የሠራኸው?" አልኩት።

"ወንድምዎን ነዋ! ማክሰኞ በእርስዎ ፈንታ መጥተው እዚህ ወንበር ላይ ሲጫወቱ ዋሉ። ወይ ጣት! ደግሞ እንደ እርስዎ ወሬ አያበዙም። ሲወጡ ብቻ 'ጊታሩን ለታናሼ ስጠው፤ ሠላሳውን ዓመት ግን ለእኔ ይተውልኝ' አሉ።"