ርጥብ ሰሌን

አባቴ የሞተው በበጋ ነው፤ ዘንድሮ ለመሞት በማይመች ወቅት። ደረቅ ተክል ሁሉ የፋብሪካው ወፍጮ ንብረት ነው የሚል ሕግ ከወጣ ወዲህ ገለባችን፣ የጣሪያችን ሣር፣ የእናቴ ሰፌድ እንኳ ሳይቀር ተፈጭቶ ሙጫና ፕላስቲክ ሆኗል። እናቴ ደብቃ ያቆየችው አንድ ሰሌን ብቻ ነበር፤ አባቴን የገነዝንበት።

ሬሳው ሊወጣ ሲል የወፍጮው ተቆጣጣሪ ደምሌ ደረሰ።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ነፍስ ይማር» አላት እናቴን። «ሰሌኑን ግን ፍቱልኝ። በላስቲክ ይጠቅለል።»

«ላስቲኩን ራስህ ልበሰው!» አልኩት። «ሕጉ ደረቅ ነው የሚለው። ትምህርት ቤት ባልገባም ማንበብ አላቃተኝም።»

የመጠጥ ውኃችንን ከነጀሪካኑ አንስቼ ሰሌኑ ላይ ገለበጥኩት። ለቀስተኛው በድንጋጤ ጮኸ። ደምሌ የእርጥበት መለኪያውን ሰሌኑ ውስጥ ሰክቶ አየና ከንፈሩን ነከሰ።

«ምላሰኛ! እሺ፣ ርጥብ ነው። ውሰዱት። መለኪያው ግን አብሮት ይቀበራል። ሰሌኑ የደረቀ ዕለት ይነግረናል፤ ያኔ መጥተን ቆፍረን እናወጣዋለን።»

ቀበርነው። ዕድርተኛው ሁሉ «እሰይ፣ የአባቷ ልጅ!» እያለ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም ኮራሁ።

አሁን እናቴ በየማለዳው ከወንዝ ውኃ ተሸክማ ዳገቱን ወደ መቃብሩ ትወጣለች። ላግዝሽ ስላት «አንቺ የድርሻሽን አፍስሰሻል» ትለኛለች። መንገደኛው ጎንበስ ብላ ስታጠጣ ያያትና ይጠይቃታል።

«እማማ፣ ምን ተክለው ነው?»

«ባሌን» ትላለች።