የበቀቀኑ ማረፊያ

«ኧረ አትላገው!» አለች እህቱ፤ መላጊያውን ከእጁ ልትነጥቀው ምንም አልቀራት። «ቅርፊቱን ተወው አላልኩህም?»

አናጺው እጁን ሰበሰበ። ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲያለሰልስ ኖሮ ዛሬ በስተርጅና አታለስልስ ተባለ። «እሺ እትዬ፣ እሺ» አለና የፖሙን ቅርንጫፍ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ የሚወጋውን ቋጠሮ ብቻ በቢላ ጫፍ ያነሳ ጀመር።

በቀቀኑ መስኮቱ ሥር በተቀመጠው የሽቦ ቤት ወለል ላይ ኩርምት ብሏል። መቆም አቅቶታል። ከሽቦ ቤቱ ጋር አብሮ የተሸጠው የፕላስቲክ ዘንግ ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ያለው ልሙጥ ነገር ነበር። ወፉ ሌት ተቀን ክብደቱን እዚያችው አንዲት ቦታ ላይ እያሳረፈ መዳፉ ሥር ቆሰለ። የእንስሳት ሐኪሙ አይቶ፣ ቅባት ሰጥቶ፣ «ዋናው ግን ማረፊያውን መቀየር ነው» ብሎ ነው የሸኛት።

ወፉ የልጇ ነው። ልጇ ጭነት መርከብ ላይ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ሰፈርተኛው ግን ገና ሲቀጠር «ካፒቴን» ብሎ ቀለደበትና ስሙ በዚያው ጸና። መርከቡ በማዕበል መሀል ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል።

ዛሬ ጠዋት ከወደብ ቢሮ የደወሉት ለአናጺው ነበር። እናቱ በስልክ እንደልብ ስለማትሰማ፣ ካፒቴን ተጠሪ ሲባል የአጎቱን ቁጥር ነው ያስመዘገበው። አናጺው ወሬውን ይዞ፣ የዕቃ ቦርሳውን እንዳነገተ ከሱቁ በቀጥታ መጣ። እሷ በሩን ከፍታ አየት አደረገችውና፣ «እግዜር ነው የላከህ! መጋዝ ይዘሃል?» ብላ የቅርንጫፍ እቅፍ አሸከመችው። እሱም አፉን ሳይከፍት ወደ ሥራው ገባ። እውነቱን ለመናገር ቀለል ብሎት ነበር።

«ይሄ ቀጠነ» አለች አሁን፣ አንዱን እንጨት ወደ ብርሃኑ አስጠግታ። «ጣቶቹ ዞረው ከተነካኩ አይሆንም። አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን፣ አንዱ ጎበጥ ያለ ይሁንለት። እግሩ ሁሌ አንድ ቦታ እንዳያርፍ።»

«ብርጭቆ ወረቀት ብጠቀልልበትስ? እንዳያንሸራትተው።»

«ቁስሉን ልትሞርደው? አንተ ሰውዬ፣ ጤናም የለህ!»

አናጺው ሳያስበው ሳቀ።

«ዛፉ የተባይ መድኃኒት ተረጭቶ እንዳይሆን ብቻ» አለ።

«ጎረቤቴን ጠይቄያለሁ፣ አልተረጨም። በፈላ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አድርቄዋለሁ። ካፒቴን ሲመጣ ‹ወፌን ሽባ አደረግሽው› እንዲለኝ አልፈልግም።»

ይህን ስትል ዓይኑን አላየችውም።

«እትዬ…» አለ።

«ከፍ ያለውን ለመኝታው አድርገው» አለች ቶሎ ብላ። «ከምግቡ በላይ እንዳይሆን፤ ኩሱ ይወድቅበታል።»

ብሎኑን አጠበቀ። ላቡን ጠረገ። «እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት እኮ…»

«ጠበቅ አድርገው። ከተወዛወዘ ይፈራል።»

ጠበቅ አደረገው። ከዚያ የሚቀጥለውን። ከዚያ የሚቀጥለው ጠፋ፤ እንጨቱ አልቋል። እጁ ሥራ ፈትቶ ጉልበቱ ላይ ቁጭ አለ።

በቀቀኑ አንገቱን አዘንብሎ አያቸው። ሽቦውን በመንቆሩ እየነከሰ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ወጣ። ጎባጣው ቅርንጫፍ ጋ ሲደርስ አንድ እግሩን አስቀድሞ ሞከረው፤ ከዚያ ሌላውን አስከተለ። ቅርፊቱን ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ጨበጠ። ጥቂት ቆይቶ የቆሰለውን እግሩን አነሳና የሆዱ ላባ ውስጥ ሸጎጠው።

«ሲመቸው ነው እንዲህ የሚያደርገው» አለች በሹክሹክታ።

ከአናጺው ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷን በጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ፍለጋውን አቆሙ፣ አይደል?»

አናጺው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«በር ላይ ሳይህ ነው የገባኝ። አንተ ሳትደውል መጥተህ አታውቅም።»

ጩኸቷን ጠበቀ። ተነስቶ ሊይዛት ተዘጋጅቶ ነበር። አልጮኸችም። ወፉን ትክ ብላ አየች።

«ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?» አለች በመጨረሻ። «‹አይዞሽ እናቴ፣ እግሩ ከዳነ ገና ሠላሳ ዓመት ይኖራል› አለኝ። ላጽናናሽ ብሎ እኮ ነው፣ የኔ ጌታ።»

አናጺው የእህቱን ነጭ ፀጉር አየ።

በቀቀኑ በአንድ እግሩ እንደቆመ ዓይኑን ጨፈነ።