ጥግ ያለው ጋዝ

የሪፖርቱን መላኪያ ቁልፍ ልትጫን ስትል ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ከሳተላይት መረጃ የሚቴን ጋዝ እንዲለይ ራሷ ያሠለጠነችው ፕሮግራም በትውልድ ከተማዋ ዳር ቀይ ምልክት አሳይቷል፤ ምልክቱ ያረፈው ደግሞ በአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ላይ ነበር። ሪፖርቱ ከሄደ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ያሽጉታል። ነገሩን የነገረችው አለቃዋ ከኋላዋ ቆሞ፣ "ምን ይደረጋል፣ ማሽን ዘመድ አያውቅም" አላት በሐዘኔታ።

እሷ ግን ዓይኗን ከምልክቱ ጠርዝ አልነቀለችም። የሚያፈተልክ ጋዝን ነፋስ እየጎተተ እንደ ጭራ ያስረዝመዋል። ይሄኛው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል አራት ጥግ አለው። "ጋዝ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጥግ ያወጣው?" አለችና ስልኳን አንስታ ደወለች።

"አባዬ፣ የሥራ ቤቱን ጣሪያ ምን አደረጋችሁት?"

"ማን ነው ያወራብኝ?" አሉ አባቷ። "አዲስ ቆርቆሮ አለበስነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጠፋል። ስትመጪ ድንገት እንድታዪው ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።"

ወደ አለቃዋ ዞራ፣ "ፕሮግራሙን ያሳሳተው የቆርቆሮ ነጸብራቅ ነው" አለችና ምልክቱን ከሪፖርቱ አወጣችው። ትከሻዋ ቀለላት።

"ለመሆኑ በምን አየሽው?" አሉ አባቷ።

"በሳተላይት፣ ከሰማይ።"



"እኔ ደግሞ በአውቶቡስ ትመጣለች ብዬ መንገድ መንገዱን አያለሁ።"