የጠማው ሥር

«አያ ይታየው፣ ጭንቅላትዎ ውስጥ በተጎዳው ቦታ ዙሪያ አዲስ የደም ሥር ይበቅላል። በሽምግልና ግን ይዘገያል» አለች አልጋው አጠገብ የቆመችው ሐኪም። ሽማግሌው ስትሮክ የጣለውን ቀኝ እጁን አየ። በሐምሌ አይከል ባለው ማሳው ላይ ጤፍ የሚዘራው በዚያ እጅ ነው።

«ድሮስ መቼ ፈጥኖ ያውቃል!» አለች ሚስቱ። ሐኪሟ እየሳቀች ወጣች።

ሚስቱ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልላ ወደ አፉ አስጠጋች። ፊቱን አዞረ። ጉርሻዋ ተመልሶባት አያውቅምና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምነው፣ ምን በደልሁህ?»

«አልበደልሽኝም» አለ ቃሉ እየተጎተተበት። «ውኃ የጠገበ ቡቃያ ሥሩ አይጠልቅም፤ ሲጠማው ነው ፍለጋ የሚወርድ። ተይ፣ ይህ እጅ ይራብ።»

ሳህኑን ከቀኝ እጁ አጠገብ አኖረችለት፤ እንዳትረዳውም የራሷን እጆች በነጠላዋ ጠቀለለች።