የጋቢናው ስፋት

ኑርሑሴን ሜትሩን ከሰሚሐ ተረከዝ ጀምሮ ወደ ራሷ ሲስብ ደረስኩ። ልጄ በጀርባዋ ተኝታለች። ባሌ አንድ ጉልበቱን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፎ፣ እስክሪብቶ በጥርሱ ነክሶ፣ ቁመቷን ይለካል። የያዝኩት የሾርባ ሳህን ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

እኛ ዘንድ ሰው ተኝቶ የሚለካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔም የሚለካው ለመቃብሩ ነው። ልብስ ሰፊ እንኳ አቁሞ ነው የሚለካው። ኑርሑሴን ይህን አጥቶት አይደለም። የአባቱን ቁመት በገመድ ለክቶ ለቆፋሪዎቹ የወሰደው እሱ ራሱ ነበር።

«አስተግፊሩላህ። ምን እያረግህ ነው?» አልኩት።

«መቶ ስልሳ ሦስት» አለ፣ እስክሪብቶውን ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ እየጻፈ። «በአውሮፕላኑ ጠባቡ ጋቢና ሰው ይቀመጣል እንጂ አይተኛም። ሰፊው ግን ቀኙን ወንበር ካወጣንለት ያስተኛታል። እግሯ ወደ ፊት፣ ራሷ ዕቃ መጫኛው ላይ።»

«ሜትሩን አንሳ ከልጄ ላይ።»

«አልሰማሽኝም፣ ዘይነት። ያስተኛታል አልሁሽ።»

አውሮፕላኑ የሁለቱ ጉድ ነው። ሰሚሐ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሜካኒካል መማር ስትጀምር፣ በሳጥን ተልኮ ቤት ውስጥ የሚገጣጠም ትንሽ አውሮፕላን አለ ብላ አባቷን አሳበደችው። እሱ ደግሞ የፓምፕና የባጃጅ መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ ብሎን ካየ ልቡ አይችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ እራት በቀረበ ቁጥር ወሬያቸው የጋቢና ስፋትና የክንፍ ጫፍ ነበር። ፈቃዱን ማን እንደሚሰጣቸው እንጃ። እኔ የማውቀው ወረታ ያለው ወንድሙ ሩዙ ከታጨደ በኋላ ማሳውን ሊለቅላቸው ቃል መግባቱን ነው። ከዚያ ተነስተው ጣናን በላዩ አቋርጠው ባሕር ዳር ሊገቡ ተማምለዋል፤ አባትና ልጅ፣ ጎን ለጎን።

ከዚያ አንድ ቀን ከመራዊ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገለበጠ። አሁን ከወገቧ በታች ምንም አይሰማትም። ሐኪሞቹ አይመለስም ለማለት አፍረው ጊዜ ይፈልጋል አሉን። ከሆስፒታል ከወጣች ሃያ ሁለት ቀን ሆናት፤ በሃያ ሁለት ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ውሃ የምትጠይቀኝ በቅንድቧ ነው። ምግቡንም ቀንሳ ቀንሳ ሾርባ ላይ ደርሳለች። ትታን እየሄደች እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ኑርሑሴን አውሮፕላኑን ሊያዝዝ ነው።

«ሻጮቹ መልሱን ዛሬ ይፈልጋሉ» አለና ስልኩን ከፍቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ድምፁ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሲያግባባ የሚያወጣው ድምፅ ነው። «ስሚኝ ሰሚሐ። ጠባቡ መቶ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ ሰፊው መቶ አስራ ሰባት። የክንፉ ጫፍ ሦስት ዓይነት አለ፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ሽቅብ የታጠፈ፣ ቁልቁል የታጠፈ። እኔ ሽቅብ የታጠፈውን ወደድሁት። አጭር ማሳ ላይ ይሻላል መሰለኝ።»

ሰሚሐ ጣሪያውን ታያለች።

«ደግሞ ያምራል» አለ። «ወይስ የተቆረጠው ይሻላል? ማሳው ዳር ባሕር ዛፍ አለ አይደል? አንቺ ነሽ በእርምጃሽ የለካሽው፤ እኔ ረሳሁት።»

ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋ። «አንድ ነገር በይኝ፣ ልጄ። ተሳስተሃል በይኝ።»

ሰው ሰውን እንዲህ ሲለምን አይቼ አላውቅም። አባት ልጁን ሲሆን ደግሞ ለማየትም ያሳፍራል። ሳህኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ላስነሳው ክንዱን ያዝኩት።

«ተሳስተሃል» አለች ሰሚሐ።

ድምጿ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት የቆየ በር ዓይነት ነበር። ክንዱን ለቀቅኩት።

«ሽቅብ የታጠፈው ለማማር ነው፣ አባዬ። ቁልቁል የታጠፈውን እዘዝ። ፍጥነት ስትቀንስ ይይዝሃል፤ ማሳው አጭር ነው።»

ስልኩ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሳው። «ቁልቁል የታጠፈው። እሺ የኔ እናት፣ እሺ። ጋቢናውስ?»

«ጠባቡ።»

«ጠባቡ?»

«ሰፊው ይከብዳል። ለአንድ ሰው ምን ያደርግልሃል? ጠባቡን እዘዝ።»

«ጠባቡ፣ ቁልቁል የታጠፈ» እያለ እንባው እየወረደ ስልኩ ላይ ይጽፋል። «አልሐምዱሊላህ። ዘይነት፣ ሰማሽ? ተናገረች እኮ። ሰማሽ አይደል?»

«ሰማሁ» አልኩት።

እሱ ግን ድምጿን እንጂ «ለአንድ ሰው» ማለቷን አልሰማም። ሃያ ሁለት ቀን ያጣውን ድምፅ አግኝቶ ቃሉን ባይሰማ ማን ይፈርድበታል? ሰሚሐ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች። እንደገባኝ አየች፤ እንዳልነግረውም በዚያው ዓይኗ ለመነችኝ።

ኑርሑሴን ደጅ ወጥቶ ለወንድሙ ይደውላል። ተናገረች፣ ተናገረች ሲል የሰፈራችን የሹም አቦ መንገደኛ ሁሉ ይሰማዋል። እኔ አልጋው ግርጌ ተቀምጬ እግሯን በሁለት እጄ ያዝኩት። ቀዝቅዟል። አሸሁት፤ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። መያዜን የምታውቀው ካየች ብቻ ነው። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍናለች።